በኪሳችን የሚዘፍነው ማነው?

«የዛሬ ልጅ ጆሮውን ደፍኖ ይሄዳል» የሚለው ወቀሳ በየቤቱ፣ በየመስጊዱ ደጃፍና በየመማሪያ ክፍሉ ይሰማል። ወቀሳው በአዲስ አበባም አለ፤ በባሕር ዳርም አለ። እኛ ተወልደን ባደግንበት በሆሞሻ ግን ለየት ያለ መልክ ይዟል። የሆሞሻ ሽማግሌዎች ልጆቹ ዘፈን አበዙ ብለው አይከሱም፤ የቤርታ ሕዝብ ዘፈን በዛብኝ ብሎ አያውቅምና። ክሳቸው፣ ዘፈኑ ከአደባባይ ተነሥቶ ኪስ ገባ፤ ኪስ የገባውም ዘፈን የኛ አይደለም የሚል ነው። በክረምቱ ዕረፍት አገራችን ገብተን ስለዚሁ ነገር ያየነውንና የመከርነውን ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን ተማሪዎች ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየን።

ሆሞሻን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ እንንገረው። ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ ያለች ወረዳ ናት፤ ኩርሙክን ካለፉ ሱዳን ነው። ሕዝቡ ማሽላና በቆሎ ያርሳል፤ ማንጎ ይለቅማል፤ ወርቅ ያጥባል። በቤቱ ቤርታ ይናገራል፤ ገበያ ሲወጣ ዐረብኛ፣ ቢሮ ሲገባ አማርኛ ይጨምርበታል። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1997 የተከፈተው የሸርቆሌ የስደተኞች ጣቢያም ያለው በዚሁ ወረዳ ነው። ስለዚህ የሆሞሻ ልጅ ጆሮ ከዱሮም ለብዙ ቋንቋ የተከፈተ ነው። ይህን መናገራችን፣ የውጭ ዘፈን ትናንት በስልክ የገባ አዲስ መጤ እንዳይመስል ብለን ነው።

አያቶቻችን የኦምዱርማንን ራዲዮ ያዳምጡ እንደ ነበር ይነግሩናል። ያ ጣቢያ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1940 የተቋቋመ ነው፤ ለባላገሩ የደረሰው ግን በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ትንሹ ትራንዚስተር ራዲዮ ሲመጣ ነው። የመጀመሪያው የትራንዚስተር ራዲዮ በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው በ1954 ነበር። ፊሊፕስ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ደግሞ በ1963 ካሴትን አወጣ። ከዚያ በኋላ በ1979 የጃፓኑ ሶኒ «ዎክማን» የሚባለውን፣ በቀበቶ ተንጠልጥሎ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ የሚሰማውን የካሴት ማጫወቻ ለዓለም አስተዋወቀ።

ስለዚህ ዎክማን አንድ የምትገርም ነገር አለች። የመጀመሪያው ሞዴል የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ቀዳዳው ሁለት ነበር፤ ሁለቱ አድማጮች ዘፈኑን ዝቅ አድርገው እርስ በርስ የሚነጋገሩባት ቁልፍም ነበረችው። የኩባንያው መሪ አኪዮ ሞሪታ፣ አንድ ሰው ጓደኛውን አጠገቡ አስቀምጦ ለብቻው ቢሰማ ነውር ይሆናል ብለው ሰግተው ነበርና። ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛው ቀዳዳ ቀረ። ገዢው አልፈለገውም። እንግዲህ የኛ ሽማግሌዎች ዛሬ የሚሉትን ነገር፣ ዕቃውን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ገና ከመነሻው አስበውት ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ለተማሪ አዲስ አይደለም። አፕል በ2001 አይፖድን አወጣ፤ በ2022 ደግሞ መሥራቱን አቆመ። በሆሞሻ አይፖድ የያዘ ሰው አይተን አናውቅም። የኛ አገር ልጅ ከካሴቱ ቴፕ ዘሎ በቀጥታ ሜሞሪ የሚጎርስ ቁልፍ ያለው ስልክ ላይ ነው ያረፈው። ከስልኩ ጋር በእጅ የሚያዝ ትንሽ ድምፅ ማጉያ አለ፤ ሜሞሪም ፍላሽም ይቀበላል። በወርቅ ጉድጓዱ አፍ ላይ ይቀመጣል፤ በሞተር ብስክሌቱ መሪ ላይ ይታሰራል፤ ሴቶች ልጆች ውኃ ሲወርዱ በነጠላ ጫፍ ይቋጠራል። ኔትዎርኩ ቢኖር ባይኖር ግድ የለውም። መብራት ያገኘበት ቤት አንድ ሌሊት ተሰክቶ ካደረ ቀኑን ሙሉ ይዘፍናል። ድኻ የሚገዛው ዕቃ ስለ ሆነ ብቻ ይህን መናቅ ነውር ነው። ወርቅ ቆፋሪ ልጅ ፀሐይ ሲያቃጥለው ከሚውልበት ጉድጓድ ውስጥ አንድ ዘፈን መስማቱን እንደ ጥፋት የሚቆጥር ሰው፣ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ይሞክረው እንላለን።

ታዲያ ዘፈኑ ከየት ይመጣል? ከሜሞሪ ጫኝ ሱቅ ነው። ልጁ ሜሞሪውን ይሰጣል፤ ጥቂት ብር ይከፍላል፤ ባለ ሱቁ በኮምፒዩተሩ ውስጥ በፎልደር በፎልደር የከፋፈለውን ይጭንለታል። በክረምቱ እንዲህ ያሉትን ሱቆች በአሶሳም በሆሞሻም እየዞርን አየን። የሱዳን ፎልደር አለ፤ የድሮውም የአዲሱም። የአማርኛ አለ፤ የኦሮምኛ አለ፤ የናይጄሪያና የሕንድ አለ። መንዙማና ቁርአንም ለብቻው አለ። የቤርታ ዘፈን የለም አንልም፤ በኪቦርድ የተዘፈኑ ጥቂት የሠርግ ዘፈኖች አግኝተናል፤ ልጆቹም ይወዷቸዋል። ዋዛንና ዙምባራን ግን ካየናቸው ሱቆች ባንዱም አላገኘንም። ባለ ሱቆቹን ስንጠይቅ አልተቈጡም። «ያመጣልኝ የለም፤ ካመጣችሁልኝ እጭናለሁ» አለን አንዱ። ይህ መልስ ብዙ ሌሊት አነጋግሮናል።

ዋዛ ማለት ምን እንደ ሆነ እዚህ ላይ መግለጽ አለብን፤ ለምን ቢሉ በአማርኛ «ዋዛ» ቀልድ ማለት ስለ ሆነ፣ ስሙን ስንጠራ የዶርም ጓደኞቻችን ሁልጊዜ ይስቁብናል። ዋዛ የቤርታ መለከት ነው። የቅል ቁራጮች አንዱ ባንዱ ውስጥ እየተሰካ ይረዝማል፤ ትልቁ ከሰው ቁመት ይበልጣል። አንድ ስብስብ ዐሥርም ከዐሥር በላይም መለከት አለው። ዋናው ነገር ግን መጠኑ አይደለም። እያንዳንዱ መለከት ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዜማውን ማንም ሰው ለብቻው ሊነፋው አይችልም። አንደኛው ይነፋና ዝም ይላል፤ ሁለተኛው በሰዓቱ ይገባል፤ ሦስተኛው ይቀጥላል፤ ዜማው ከሰው ወደ ሰው እየዘለለ ሙሉ ይሆናል። የሰሜኑን እምቢልታ ወይም የደራሼን ፊላ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። አንዱ ቢዘገይ ሁሉም ያውቃል፤ ሁለቱ ቢቀሩ ዜማው ጥርሱ የወለቀ አፍ ይሆናል።

እንግዲህ የሽማግሌዎቹ ኀዘን ከየት እንደሚመጣ ግልጽ ነው። አንድ ዜማ ለማውጣት ዐሥርና ከዚያ በላይ ሰው ከሚፈልግ ሙዚቃ ወጥቶ፣ አንድ ሰው ሺህ ዘፈን በኪሱ ይዞ ወደሚዞርበት ሙዚቃ መግባት ትንሽ ነገር አይደለም። ይህን አይተው ስልኩ ዋዛን ገደለው ቢሉ አንፈርድባቸውም። ይሁን እንጂ ፍርዱ ትክክል አይመስለንም።

ዋዛን ያሳነሰው የሰው መጕደል ነው። ዱሮ አዝመራ ሲገባ የመንደሩ ወንድ ሁሉ መንደሩ ውስጥ ነበር። ዛሬ ግን አንዱ ወርቅ ፍለጋ ሄዷል፤ አንዱ አሶሳ ባጃጅ ይነዳል፤ አንዱ እንደ እኛ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስለ ሌላ አገር ታሪክ ፈተና ይፈተናል። መለከቶቹ በየቤቱ ጣራ ሥር ተሰቅለዋል፤ የቀሩት ነፊዎች አራት ናቸው እንበል። በአራት ሰው ዋዛ አይነፋም። በዚህ ጊዜ ሠርግ ይመጣል፤ የሠርጉ ባለቤት ምን ያድርግ? ድምፅ ማጉያ ይከራያል፤ ስልክ ይሰካል። ስልኩ ባዶ ቦታ አግኝቶ ነው የገባው። ባዶውን ቦታ ማን ተወው ብለን ብንጠይቅ ደግሞ፣ መልሱ ውስጥ እኛም ሌላውም አለን። ለትምህርትና ለእንጀራ የወጣን ሰው ሁሉ ተመለስ ማለት አይቻልም፤ እኛም አንመለስም ይሆናል። ስለዚህ «ስልኩን ጣሉት፤ ዋዛው ይመለሳል» የሚለው ምክር ነገሩን ከጭራው መያዝ ነው።

አሁን ሐሳባችንን ያስለወጠውን፣ ወይም ከጀመርነው ቦታ አርቆ የወሰደውን ነገር እንንገር። በሸርቆሌ መንገድ ላይ ከማዶ የመጣ አንድ ወጣት ቤርታ አገኘን። በአውሮጳ አቆጣጠር በመስከረም 2011 በሱዳን ብሉ ናይል ግዛት ጦርነት ሲነሣ፣ ገና ልጅ ሳለ ከቤተሰቡ ጋር ወሰን ተሻግሮ የገባ ነው። ስለ ዘፈን ስንጨዋወት ስልኩን አወጣና አንድ ነገር ከፈተልን። የዋዛ ድምፅ ነበር። አጎቱ ከጦርነቱ በፊት በመንደራቸው ሠርግ በስልክ የቀዳው ነው፤ ከሜሞሪ ወደ ሜሞሪ እየተገለበጠ እዚህ ደርሷል። ሲቀዳ ነፋስ ገብቶበታል፤ መካከሉ ላይ ሕፃን ያለቅሳል፤ አንድ ሰው «ዞር በል» ይላል። መንደሩ ዛሬ ሰው የለበትም አለን። ከመንደሩ ይዘውት የወጡት ድምፅ ይህ ብቻ ነው። በ2023 በሱዳን ሌላ ጦርነት ሲነሣ በኩርሙክ በኩል የመጡ ዘመዶቹም ይህንኑ ገልብጠው ወሰዱ።

ፈቃዱን ጠይቀን እኛም ገለበጥን። ሆሞሻ ስንመለስ በወጣትነታቸው ዋዛ ይነፉ የነበሩ አንድ አባት ዘንድ ሄደን አሰማናቸው። ስልኩን ጆሯቸው ላይ አልደገኑትም፤ መሬት ላይ አስቀምጡት አሉንና ጐንበስ ብለው ሰሙት። ጥቂት ቆይተው «ልጆቼ፣ አንዱ ጎድሏል» አሉ። «የቱ ነው አባባ?» አልናቸው። ከበስተመጨረሻ ካሉት ከትንንሾቹ አንዱ እንደ ጎደለ ነግረውን፣ የጎደለውን ድምፅ ራሳቸው በአፋቸው እየሞሉ ዘፈኑን አስጨረሱት። አጠገባቸው የነበሩት ሁለት ልጆች፣ ሁልጊዜ ጆሯቸው ውስጥ ገመድ ሰክተው የሚውሉት፣ ሦስት ጊዜ መልሰው አስከፈቱት። ከሦስተኛው በኋላ አንደኛው ልጅ የጎደለውን ድምፅ በሰዓቱ ያስገባ ጀመር።

ያ ነው የምንለው። ዕቃው የተጫነበትን ነው የሚዘፍነው። ጠላት ብለን ያራቅነው ዕቃ ያንኑ ጠፋ ያልነውን ነገር ከጦርነት አውጥቶ በኪስ ይዞት ሲዞር አገኘነው። የሆሞሻ ልጅ የሱዳንን ዘፈን የሚሰማው የራሱን ንቆ ነው ማለት ሐሰት ነው፤ የራሱን የጫነለት ሰው የለም። ሱዳኖቹ ዘፈናቸውን ቀዱ፤ አዲስ አበቦች ቀዱ፤ ስለዚህ ፎልደር አላቸው።

አዲስ አበቦችስ እንዴት ቀዱ? በዚያም ቢሆን ነገሩ ለጥ ባለ ሜዳ አልሄደም። ከ1940 ዓ.ም. ጀምሮ ሸክላ የማሳተምና የማስገባት መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። በ1961 ዓ.ም. ዐምሃ እሸቴ የተባለ በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ወጣት፣ ይህን አዋጅ ወደ ጎን ብሎ የነዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ ውጭ አገር በሸክላ አሳተመ። ያ ወጣት አዋጁ እስኪሻር ድረስ ቢቀመጥ ኖሮ፣ ዛሬ ዓለም በተከታታይ ሲዲ የሚሰማው የዚያን ዘመን ሙዚቃ ምን ያህሉ ይተርፍ ነበር? እኛን ደግሞ የከለከለን አዋጅ እንኳ የለም። የከለከለን የሚጀምር ሰው መጥፋቱ ነው።

የሌላው አገር ሰው ግን ጀምሯል። አርቱር ሲሞን የተባሉ ጀርመናዊ የሙዚቃ ተመራማሪ፣ በሱዳን በኩል ካሉት የቤርታ መንደሮች የዋዛን ሙዚቃ ቀድተው በርሊን ወዳለው ሙዚየም አስገብተዋል፤ በሲዲም ታትሟል። እሳቸውን እናመሰግናለን። ነገር ግን ዋዛን ለመስማት በርሊን ያለ ሰው ከሆሞሻ ልጅ ይልቅ የቀረበ መሆኑ ሊያሳፍረን አይገባምን?

አንዳንድ ጓደኞቻችን ሁለት ነገር ተቃውመውናል። አንደኛው፣ የተቀዳ ዋዛ ዋዛ አይደለም፤ ዋዛ ማለት ሰው በሰው መካከል ቆሞ ተራውን መጠበቁ ነው የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ አንከራከርም። የፈሰሰ ውኃ ፎቶግራፍ አያጠጣም። ነገር ግን ልጁ ሰምቶት የማያውቀውን ነገር ተራ ጠብቆ ሊነፋ አይችልም፤ በዚያ ግቢ ያየነውም የሰሙ ልጆች ወዲያው ወደ መንፋቱ ሲሳቡ ነው። ሁለተኛው የመብት ጥያቄ ነው፤ ይህ ከበድ ይላል። የሜሞሪ ንግድ የዘፋኙን ላብ ያለ ዋጋ የሚያዞር ንግድ መሆኑን እናውቃለን፤ የቅጅ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ሱቆቹ ግን እንደ ጫኑ ናቸው። ዋዛን ለሱቅ ብንሰጥ እነዚያን ሽማግሌዎች ማን ይከፍላቸዋል? እኛ የተስማማነው ነፊዎቹ ሳይፈቅዱ አንዲት ድምፅ ላንቀዳ፣ እነሱ ለሱቅ አይሰጥ ያሉትን ላንሰጥ፣ የተቀዳውንም መጀመሪያ ለራሳቸው በሜሞሪ ጭነን ልናስረክብ ነው። ከዚህ የተሻለ መንገድ የሚያውቅ የሕግ ተማሪ ካለ ቢያማክረን ደስ ይለናል።

ስለ ጆሮ ጤንነትም አንድ ቃል እንጨምር፤ ወቀሳው ሁሉ መሠረት የለውም እንዳንባል። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው 80 ዴሲቤል ድምፅ በሳምንት ከ40 ሰዓት ያልበለጠ ነው። በጆሮ ውስጥ የሚሰካውን ገመድ እስከ መጨረሻው አስጩኾ የሚውል ልጅ ይህን ያልፋል፤ የተጎዳ ጆሮም አይመለስም። ጆሮውን ደፍኖ አስፋልት የሚሻገረውን ደግሞ ባጃጅ ነጂዎች ያውቁታል። ከዚህ በተረፈ ግን ስልክ በመንጠቅና በመከልከል የተማረ ልጅ አላየንም። ተነጥቆ የነበረው ልጅ ማታ ከወንድሙ ተውሶ ሲሰማ ግን አይተናል።

በአሁኑ ጊዜ በጁ ያለን ነገር ትንሽ ነው። ድምፅ የሚቀዳ ሁለት ስልክ፣ አንድ የተዋስነው ማይክሮፎን፣ ባለ 32 ጊጋ ሦስት ሜሞሪ አለን። ነፋስ እንዳይገባ ማይክሮፎኑን የሚሸፍን ስፖንጅ ከፍራሽ ቆርጠን ሠርተናል፤ ሞክረነዋል፤ ይሠራል። የሚያስቸግረን ነፊዎቹን ባንድ ቀን ማሰባሰብ ነው። በሆሞሻ ከተለያዩ መንደሮች የሚችሉ ሰዎችን ስም ጠይቀን ጽፈናል፤ አንዳንዶቹ ወርቅ ቦታ ናቸው። ማሽላው ከገባ በኋላ፣ በጥር የመንፈቀ ዓመት ዕረፍት፣ ለነፊዎቹ ምግብና የመኪና ሒሳብ ከተገኘ፣ ያ የጎደለው መለከት እንኳ ሳይቀር አንድ ሙሉ ስብስብ ባንድ ሜዳ ላይ ይቆማል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። የምግቡን ገንዘብ ከተማሪው በመዋጮ ለመሰብሰብ ኅብረቱን ጠይቀናል። ከመንጌ፣ ከሸርቆሌና ከኩርሙክ የመጣችሁ ተማሪዎች በየአገራችሁ ያሉትን ነፊዎች ስም ብትሰጡን ሥራው በአንድ ወረዳ አይቀርም። ጉሙዝና ሺናሻ የሆናችሁ ጓደኞቻችንም የየራሳችሁን ሙዚቃ መቅዳት ብትፈልጉ ማይክሮፎኑን እናውሳችኋለን።

ያ ባለ ሱቅ ፎልደሩን በነፃ እከፍታለሁ ብሎናል። የቸገረው አንድ ነገር ነው፤ ኮምፒዩተሩ ከዘፈኑ ስም ቀጥሎ የዘፋኙን ስም ይጠይቃል፤ ዐሥራ ሁለት ሰው ለነፋው ዜማ ማንን ልጻፍ አለን። የኛ አሳብ በሁለት ተከፍሏል፤ ግማሾቻችን የመንደሩ ስም ይጻፍ ስንል፣ ግማሾቻችን ረዝሞም ቢሆን የሁሉም ስም ይግባ እንላለን። እስከ ጥር መልስ እንሰጥሃለን ብለነዋል። አሳብ ያለው ተማሪ ከእራት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ በረንዳ ላይ ያገኘናል።